የእኛንም ሮም አሳዩኝ በይ

እስቲ ስልኩን ወደዚህ አዙሪው፤ ፕሮግራሙን ልየው። ስድስት ቀን፣ አሥራ ሁለት ሰው፣ አንድ አስጎብኚ። ኮሎሲየም፣ ቫቲካን፣ ፓንቲዮን፣ የትሬቪ ፏፏቴ፣ የላተራን ቅዱስ ዮሐንስ፣ መጨረሻ ላይ ግማሽ ቀን «ነፃ ጊዜ»። ደግ ነው። ሃምሳ ሰው በአንድ አውቶቡስ ጭነው ከሚያዞሩት ይሄ ይሻላል። አሥራ ሁለት ሲሆኑ አስጎብኚው ስምሽን ይይዛል፣ ጥያቄ ስትጠይቂ ይሰማሻል፣ ሽንት ቤት ብትገቢ ጥለውሽ አይሄዱም።

ነገር ግን ከላይ እስከ ታች ባየው እኛ የትም ቦታ የለንበትም። ሮምና ኢትዮጵያ ተያይተው የማያውቁ ይመስላሉ። አስጎብኚው ላይ አልፈርድም፤ ከጃፓንም ከብራዚልም ለመጣው ሰው የሚናገረውን ነው ለአንቺም የሚናገረው። ስለዚህ ምክሬ አንድ ነው፣ ሌላው ሁሉ ከእሱ ይከተላል፦ ባዶሽን አትሂጂ። የሚያሳዩሽን በደስታ እዪ፤ የእኛን ደግሞ ቀድመሽ አውቀሽ፣ በቦታውና በሰዓቱ፣ በጨዋ አንደበት ጠይቂ።

መጀመሪያ ወረቀቱን እንጨርስ። ቪዛው የሼንገን ነው፤ ክፍያው 90 ዩሮ፣ ቢከለክሉሽም የማይመለስ። የጉዞ ኢንሹራንስሽ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን መሆን አለበት። ፓስፖርትሽ ከአውሮፓ ከምትወጪበት ቀን በኋላ ቢያንስ ሦስት ወር ይቀረው፣ ሁለት ባዶ ገጽም ይኑረው። ማመልከቻውን ከስድስት ወር በፊት ጀምሮ ይቀበሉሻል፤ ጉዞው 15 ቀን እስኪቀረው ግን አትጠብቂ። መልሱ እስከ 45 ቀን ሊወስድ ይችላል። ትኬት ቆርጠሽ፣ ሆቴል ከፍለሽ፣ ከዚያ ቪዛ ስትጠብቂ ሌሊት ሌሊት እንቅልፍ እንድታጪ አልፈልግም።

ስምሽን ደግሞ በፓስፖርቱ ላይ እንዳለው ፊደል በፊደል ጽፈሽ ለአዘጋጁ ላኪለት። የኮሎሲየም መግቢያ በስም ነው የሚቆረጠው፤ በር ላይ ከመታወቂያ ጋር ያመሳክሩታል። የእኛ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ሲደረደር እነሱ የቱን የቤተሰብ፣ የቱን የግል ስም እንደሚያደርጉት ይጠፋባቸዋል። በቤት ስምሽ ተመዝግበሽ በር ላይ ብትቀሪ አሥራ አንድ ሰው ነው ፀሐይ ላይ ቆሞ የሚጠብቅሽ።

አሁን እማዬ ቡናውን እስክታቀራርብ አንድ ነገር ልንገርሽ። ቪዛሽ እንደወጣ ሰፈር ውስጥ «እዛው ቅሪ» የሚልሽ አይጠፋም። አንዳንዱ ከልቡ አዝኖልሽ ነው የሚለው፣ አንዳንዱ ደግሞ የራሱን ምኞት በአንቺ እግር ለመሄድ ነው። አትቆጪው፤ ሳቂና እለፊ። ግን በልብሽ ቦታ አትስጪው። አንቺ እዚህ የልብስ ስፌት ቤት አለሽ፣ ደንበኛ አለሽ፣ ይህን ጉዞ የምትሄጂው በእቁብሽ ነው። እዚያ ቀርተው ወረቀት ሲጠብቁ ዓመታት ያለፉባቸውን ልጆች ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ አካባቢ ታገኛቸዋለሽ፤ በአማርኛ ሲያወሩ ስትሰሚ ሰላም በያቸው፣ ቡና ጋብዣቸው፣ ኑሮውን ራሳቸው ይንገሩሽ። ደግሞም እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2025 ጀምሮ የአውሮፓ ድንበር ላይ ፓስፖርት በማህተም በመምታት ፋንታ አሻራና የፊት ምስል ወደ መመዝገብ ተገብቷል፤ የገባሽበትም የወጣሽበትም ቀን ተጽፎ ይቀመጣል። አንድ ሰው ከቡድን ሲጠፋ ዕዳው የሱ ብቻ አይደለም። አዘጋጁ በሚቀጥለው ጊዜ ይዞት የሚቀርበው መንገደኛ ሁሉ፣ ልጇን ልታይ የምትሄደዋ እናት ሳትቀር፣ በጥርጣሬ ዓይን ይታያል።

ወደ ጫማ እንምጣ። አዲስ ጫማ ገዝተሽ በዚያው እንዳትሄጂ! የሮም የድሮ ጎዳና በትንንሽ ጥቁር ድንጋይ የተነጠፈ ነው፤ ተረከዝ ያለው ጫማ በስንጥቁ ይገባል። ጫማሽን አሁን ግዢና ከአስኮ እስከ ዊንጌት ታክሲውን ትተሽ በእግርሽ ሂጂበት። ቁስል የሚያወጣ ከሆነ እዚሁ ያውጣ። ፕሮግራሙ ላይ «አጭር የእግር ጉዞ» ያሉትን አትመኚ፤ ከኮሎሲየም ወደ ሮማውያን አደባባይ ፍርስራሽ፣ ከዚያ ወደ ካምፒዶልዮ ኮረብታ ስትወጪ ግማሽ ቀን በእግርሽ ላይ ነሽ።

ሰዓቱ ሌላው ጣጣ ነው። አስጎብኚው «ስምንት ሰዓት ላይ ሆቴሉ በር» ሲል ጠዋት፣ በእኛ ሁለት ሰዓት ማለቱ ነው። አንቺ ከምሳ በኋላ መስሎሽ ተኝተሽ እንዳትገኚ። ስልክሽ ራሱ የሮምን ሰዓት ይይዛል፤ ከእኛ ወደ ኋላ ናቸው፣ እነሱ ዘንድ ክረምት ሲሆን በሁለት ሰዓት፣ በጋ ሲሆን በአንድ። እማዬ ጋር ስትደውዪ ይህን አስቢ፤ ማታ እራት በልተሽ ስትደውዪላት እሷ ተኝታለች።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ከፊውሚቺኖ አየር ማረፊያ ወደ ከተማ በባቡር ከወሰዷችሁ ግማሽ ሰዓት በሚያህል ጊዜ ተርሚኒ ትደርሳላችሁ። ጣቢያው ፊት ያለው ሰፊ አደባባይ «የአምስት መቶዎቹ አደባባይ» ይባላል። አስጎብኚው ሻንጣ እየቆጠረ ስለሚሆን አይነግርሽም፤ እኔ ልንገርሽ። አምስት መቶዎቹ በጥር 1879 ዓ.ም. ዶጋሊ ላይ ራስ አሉላ የደመሰሷቸው የጣልያን ወታደሮች ናቸው። ከዚያው ጥቂት እርምጃ ወጣ ብሎ ባለ የአትክልት ቦታ ለእነሱ የቆመ መታሰቢያ አለ፤ አናቱ ላይ የቆመው ድንጋይ ራሱ ከግብፅ የተወሰደ የጥንት ሐውልት ነው።

ለገሃር ባቡር ጣቢያ ፊት ያለውን የአንበሳ ሐውልት ታውቂዋለሽ አይደል? ጣልያኖች አዲስ አበባን ሲይዙ ነቅለው ወስደው እዚያ መታሰቢያ ሥር ነበር ያስቀመጡት። እ.ኤ.አ. በ1938 ዘርዓይ ደረስ የሚባል ወጣት ኤርትራዊ ያንን አንበሳ ባዕድ አገር ሲያየው ተንበርክኮ ጸለየ፤ ሊያስነሱት ሲሞክሩ ጎራዴውን መዘዘ። ታሪኩ ሲነገር ብዙ ተጨምሮበታል፤ የማያጠራጥረው መያዙና እስከ 1945 በጣልያን እንደታሠረ እዚያው መሞቱ ነው። አንበሳው ግን ተመልሶ ለገሃር ቆሟል። የባሕር ኃይላችን መርከብም በዘርዓይ ስም ተሰይማ ነበር። ሻንጣሽን ክፍልሽ ካስገባሽ በኋላ፣ ገና ሳይመሽ፣ አብራሽ የምታድረዋን ልጅ ይዘሽ ቦታውን እዪው። ለዚህ አስጎብኚም ትኬትም አያስፈልግም።

የኮሎሲየም ቀን ዋናው ቀንሽ ነው። አስጎብኚው የሚነግርሽን በደንብ ስሚ፤ ቬስፓስያን ያስጀመረው፣ ልጁ ቲቶ እ.ኤ.አ. በ80 ያስመረቀው፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ተቀምጦ ሰውና አውሬ ሲተላለቅ ያይበት የነበረ ግንብ ነው። ከእሱ አጠገብ ሦስት በር ያለው ትልቅ የድንጋይ ቅስት ታያለሽ፤ የንጉሥ ቆስጠንጢኖስ ቅስት ነው፣ እ.ኤ.አ. በ315 የተመረቀ። ሁሉም ፎቶ ሊነሳ ሲራወጥ አንቺ ጠጋ ብለሽ «የ1960ው ማራቶን ያለቀው እዚህ አይደለም እንዴ?» በይው።

ያለቀው እዚያ ነው። በእኛ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ! እዚህ ልጆች አበባ ሥለው ችቦ ሲያዘጋጁ አበበ ቢቂላ እዚያ በባዶ እግሩ፣ ወታደሮች ችቦ ይዘው በቆሙበት በጥንቱ የአፒያ መንገድ እየሮጠ ነበር። ደረቱ ላይ 11 ቁጥር ነበረ። 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ገብቶ ለኢትዮጵያ የመጀመሪያውን የኦሊምፒክ ወርቅ አመጣ። ሞሮኳዊው ራዲ እስከ መጨረሻው ግድም አብሮት ነበር፤ የተለያዩት ከቅስቱ አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ የማይርቅ ቦታ ላይ ነው። ያ ቦታ ደግሞ ዝም ብሎ ቦታ አይደለም። ፖርታ ካፔና ይባላል፤ ያኔ የአክሱም ሐውልት የቆመበት አደባባይ ነው። አበበና አሠልጣኙ ኦኒ ኒስካነን መንገዱን ቀድመው አይተውት ነበር፤ «ሐውልቱ ጋ ስትደርስ ፍጠን» የሚለው ስልት ከዚያ የመጣ ነው።

ሐውልቱ 24 ሜትር ቁመት፣ 160 ቶን ክብደት አለው። የሙሶሊኒ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1937 ከአክሱም ተሰባብሮ ከወደቀበት አንስቶ ወስዶ የቅኝ ግዛት ሚኒስቴሩ በር ላይ አቆመው። እ.ኤ.አ. በ1947ቱ የሰላም ውል ጣልያን የወሰደችውን እንድትመልስ ብትፈርምም 58 ዓመት አቆይታ እ.ኤ.አ. በ2005 ነው የመለሰችው፤ በሦስት ተከፍሎ በትልቁ የአንቶኖቭ አውሮፕላን ተጭኖ መጣ፣ በነሐሴ 2000 ዓ.ም. አክሱም ላይ ቆሞ ተመረቀ። ሚኒስቴሩ የነበረው ሕንፃ ዛሬ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት ነው። ሐውልቱ ከነበረበት አደባባይ ላይ አሁን የምታገኚው በኒውዮርክ የመስከረም 11 ጥቃት ለሞቱት የቆሙ ሁለት ትንንሽ ዓምዶችን ነው። ብዙ ቱሪስት አያቆምበትም። አንቺ ግን ከቅስቱ ተነስተሽ በሳን ግሬጎርዮ ጎዳና ቀጥ ብለሽ ውረጂ፤ ሩብ ሰዓት አይሞላም። ከዚያ ተመለሺ፣ አበበ በሮጠበት አቅጣጫ። ትንሽ ዳገት አላት፤ ራዲን ያስቀረችው እሷ እንደሆነች በእግርሽ ታውቂያታለሽ።

በነገራችን ላይ ሐውልት ነቅሎ መውሰድ ብቻ አይደለም የሠሩት። ከአስኮ ታክሲ ይዘሽ ጊዮርጊስ ስትወርጂ ፊት ለፊትሽ ያለውን የምኒልክ ሐውልት ነቅለው ቀብረውት ነበር፤ ከነፃነት በኋላ ነው ወጥቶ የቆመው። በየቀኑ የምናልፈውን ነገር ታሪክ ሳናውቅ ሰው አገር ታሪክ ፍለጋ መሄድ አያምርም፤ ስለዚህ ከመሄድሽ በፊት አንድ ቅዳሜ ጊዮርጊስ ውረጂና ሐውልቱን ቆመሽ እዪው፣ አደባባዩን ዙሪው።

የላተራን ቀንሽ ለነፍስሽ ነው። አስጎብኚው የሚያሳይሽ ታላቁን ባዚሊካ ነው፤ ከቅዱስ ጴጥሮስም ይልቅ የሮም ካቴድራል እሱ ነው። ፊት ለፊቱ «ቅዱስ ደረጃ» የሚሉት 28 የዕብነ በረድ ደረጃ አለ፤ ጌታ ጲላጦስ ፊት ሲቀርብ የወጣበት ነው፣ ንግሥት እሌኒ ከኢየሩሳሌም አስመጣችው ብለው ያምናሉ፤ ምእመናኑ የሚወጡት በጉልበታቸው ነው። እሌኒ ስልሽ ጆሮሽ ቆመ አይደል? ከዚያው በእግር ሩብ ሰዓት ያህል ብትሄጂ «የኢየሩሳሌም ቅዱስ መስቀል» የሚባል ቤተ ክርስቲያን አለ። የተሠራው እሌኒ የኖረችበት ቤተ መንግሥት ውስጥ ነው፤ ከመስቀሉ ቁራጭ አለ ብለው በክብር ያስቀመጡትም እዚያ ነው። እኛ በየዓመቱ ደመራ ለኩሰን እሌኒ ጢሱን አይታ መስቀሉን አገኘች እንላለን፤ አስኮ ገብርኤል መዘምራን ውስጥ ያደገች ልጅ የእሌኒን ቤት በሩብ ሰዓት ርቀት ትታው ብትመጣ እማዬ ይቅር አትልሽም። ይህ ፕሮግራሙ ውስጥ የለም፤ ለመጨመር ግን ቀላል ነው።

እዚያው ላተራን ጎን የመንገዱን ስም ቀና ብለሽ አንብቢ፦ «አምባ አራዳም ጎዳና»። በየካቲት 1928 ዓ.ም. የራስ ሙሉጌታ ጦር በአውሮፕላን ቦምብና በመርዝ ጋዝ ያለቀበት ተራራ ስም ነው። በከተማዋ ሰሜን ምሥራቅም «ኢትዮጵያ ጎዳና» የሚባል አለ። የእኛ ስም ሮም ላይ እንዴት እንደተጻፈ ስታዪ ልብሽ ሊቆጣ ይችላል። ይቆጣ። አንደበትሽ ግን አይቆጣ። አስጎብኚው ያንን ጦርነት አላዘመተም፤ ምናልባትም ትምህርት ቤት በቅጡ አላስተማሩትም። «ለምን ወረራችሁን?» ብለሽ ስትጀምሪ በሩን ይዘጋብሻል። «ይህ ስም ከየት እንደመጣ ያውቃሉ?» ስትይው ግን የሚያውቀው ይነግርሻል፣ የማያውቀው ይሰማሻል። ቂም ይዘሽ አትሂጂ፣ ረስተሽም አትሂጂ። ሌላው ደግሞ አሥራ አንድ ሰው አብሮሽ ከፍሏል፤ ቡድኑን የታሪክ ክፍል አታድርጊው። በቀን አንድ ጥያቄ፣ ያውም በደንብ የታሰበበት፣ ይበቃል።

ቫቲካን ስትደርሺ ነጠላሽን ይዘሽ ነው፤ ትከሻና ጉልበት ካልተሸፈነ ባዚሊካው አያስገባሽም፣ ለእኛ ይህ ችግር አይደለም። ሙዚየሙ እሁድ ዝግ ነው፤ የወሩ የመጨረሻ እሁድ ብቻ በነፃ ይከፈታል፣ ያን ቀን ግን ሰልፉ አይጣል ነው። ሲስቲን ጸሎት ቤት ውስጥ ፎቶ ክልክል ነው፤ ዝም ብለሽ ቀና ብለሽ እዪ፣ አንገትሽ ይመም።

አስጎብኚዎች የማይጠቅሱት አንድ ነገር ከባዚሊካው ጀርባ አለ። «የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ» የሚባል ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን። ጳጳሱ ሲክስቱስ አራተኛ እ.ኤ.አ. በ1479 ለኢትዮጵያውያን መነኮሳት የሰጡት ነው። ከኢየሩሳሌም ተሻግረው፣ ባሕር አቋርጠው፣ በእግር የመጡ አባቶቻችን እዚያ አርፈዋል። እንደ አንቺ በቡድን፣ ግን ያለ ሆቴልና ያለ መመለሻ ትኬት። የደብረ ሊባኖሱ አባ ተስፋ ጽዮን በግራኝ ዘመን አገር ሲቃጠል እዚያ ደርሰው በ1548 አዲስ ኪዳንን በግዕዝ አሳተሙ። ከእሳቸው በፊት በ1513 ፖትከን የሚባል ጀርመናዊ ከመነኮሳቱ ተምሮ መዝሙረ ዳዊትን በዚያው በሮም አትሟል፤ በማተሚያ ቤት በግዕዝ ፊደል የታተመ የመጀመሪያው መጽሐፍ ነው። በ1649 ደግሞ የአማራው አባ ጎርጎርዮስ ሉዶልፍ ከሚባል ምሁር ጋር የተገናኙት ሮም ላይ ነው፤ ሉዶልፍ በኋላ የአማርኛን ሰዋስው ጽፎ ያሳተመው ከእሳቸው በተማረው ነው። ስለዚህ ሮምን ያየን የመጀመሪያዎቹ እኛ አይደለንም፤ አምስት መቶ ዓመት አልፎናል።

ቤተ ክርስቲያኑ ያለው ቫቲካን ግቢ ውስጥ ስለሆነ ዝም ብለሽ አትገቢም። ወደ ቫቲካን የአትክልት ቦታ ለብቻው የሚያዝ ጉብኝት አለ፤ ወደዚያ አካባቢ የሚያቀርብሽ እሱ ነው። ያ ካልተቻለ ወደ ባዚሊካው ጉልላት ውጪ። ደረጃው 551 ነው፤ በአሳንሰር ከጀመርሽ 320 ይቀርሻል። ከላይ ሆነሽ ወደ ኋላ ስታዪ አትክልቱ መሐል ያለውን የኢትዮጵያ ኮሌጅ ሕንፃ ታያለሽ፤ ቫቲካን ውስጥ ተማሪ የሚያድርበት ኮሌጅ የእኛ ነው። ልብሽ ወይም ጉልበትሽ ካልቻለ ግን አትጋደዪ፤ ከታች ሆኖ ማወቁም ጥሩ ነው።

ስለ ምግብ ፍርሃት አይግባሽ። ረቡዕና ዓርብ የሚጾም ሰው ሮም ላይ አይራብም። ፒዛ ማሪናራ በይ፤ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዘይት፣ አይብ የለውም። ስፓጌቲ በነጭ ሽንኩርትና በዘይት፣ በሚጥሚጣ ቢጤ ቃሪያ፣ «አልዮ ኤ ኦልዮ» ይሉታል። በቲማቲም ስታዢ «ሴንሳ ፎርማጆ» በይ፤ ካላልሽ አይብ ነስንሰውበት ይመጣሉ። ቡናውን ቆመሽ ጠጪ፤ ባንኮኒው ላይ ሲጠጣና ጠረጴዛ ላይ ሲቀርብ ዋጋው ይለያያል። ማኪያቶ ብለሽ ስታዢ አዲስ አበባ የለመድሽው አይመጣም፤ በጣት የምትለካ ጥቁር ቡና ላይ ጠብታ ወተት ናት። «ላቴ» ብቻ ካልሽ ደግሞ ንጹህ ወተት ያመጡልሻል። ሬስቶራንት ሂሳብ ላይ «ኮፔርቶ» የሚል በሰው የሚታሰብ ጥቂት ዩሮ ልታዪ ትችያለሽ፤ የጣልያኖች የቆየ ልማድ ነው። ውሃ አትግዢ፤ በየመንገዱ ቀን ሌሊት የሚፈስ ቧንቧ አለ፣ ንጹህ ነው፣ ጠርሙስሽን ሙዪ። ከዚህ ስትሄጂ ቆሎ ያዢ፤ ሥጋና ቅቤ ያለበት ነገር ግን ተዪ፣ ከአውሮፓ ውጭ የመጣ ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ድንበር ላይ ይቀማል። እማዬ «ትንሽ ቋንጣ» ስትል ሆዷን አታስከፊ፣ ግን አትያዢው።

ሌባውን አትናቂው። ከተርሚኒ ወደ ቫቲካን የምትሄደዋ 64 ቁጥር አውቶቡስና ከምድር በታች የሚሄደው የባቡር ኤ መስመር በሌባ የታወቁ ናቸው። ቦርሳሽን መርካቶ ምናለሽ ተራ ስትገቢ እንደምትይዢው ያዢ፣ ወደ ፊት፣ እጅሽ ከላይ። ፓስፖርትሽ ሆቴል ካዝና ውስጥ፣ ፎቶ ኮፒው አንቺ ጋ፤ በስም የሚገባበት ቀን ብቻ ኦርጅናሉን ያዢ። «ስጦታ ነው» እያለ እጅሽ ላይ ክር የሚያስርልሽ ሰው ስጦታ አይሰጥም። የጥንት ወታደር ለብሶ አብሮሽ ፎቶ የሚነሳውም በነፃ አይደለም።

ለቡድኑ ደግሞ ሰው ሁኚ። ከአሥራ ሁለቱ ውስጥ እናት የሚሆኑሽ ይኖራሉ፤ ደረጃ ላይ ክንዳቸውን ያዢ፣ ፓስፖርታቸውን የት እንዳስቀመጡ አስታውሺያቸው፣ ጆሯቸው ላይ የሚሰኩትን የአስጎብኚውን ማዳመጫ ድምፅ አስተካክዪላቸው። ሁልጊዜ የምታኮርፍ አንድ ትኖራለች፣ ሁልጊዜ የሚዘገይ አንድ ይኖራል፤ ለእኔ አትንገሪኝ፣ እዚያው ይቅር። አንቺ የምትጠይቂውን ቦታ ሌሎቹ እንዲወዱት ከፈለግሽ አውቶቡስ ውስጥ ቀድመሽ አጫውቺያቸው። የእሌኒን ቤት ስትነግሪያቸው ወደዚያ እንሂድ የሚሉት እናቶቹ ራሳቸው ይሆናሉ፤ አስጎብኚው ደግሞ ለአንድ ሰው እንጂ ለስድስት እናቶች እምቢ አይልም።

ያ ሁሉ የሚሆነው ግን እዚህ ሆነሽ ከአዘጋጁ ጋር ከተነጋገርሽ ነው፤ ቀሪውን ክፍያ ከከፈልሽ በኋላ ማንም አይሰማሽም። ወረቀት አምጪ፣ ጻፊ። አንደኛ፣ ዋጋው የትኞቹን መግቢያዎች ያጠቃልላል? ፓንቲዮን በክፍያ ነው፤ የቫቲካኑ ጉልላት ለብቻ ነው፤ ሆቴሎች በሰውና በአዳር የሚሰበስቡት የከተማ ግብርም አለ፤ ማን ነው የሚከፍለው? ሁለተኛ፣ የኮሎሲየም ቀን እስከ ፖርታ ካፔና፣ የላተራን ቀን እስከ ቅዱስ መስቀል ቤተ ክርስቲያን መጨመር ይቻላል? ሁለቱም የእግር መንገድ ስለሆኑ ተጨማሪ አውቶቡስ አይጠይቁም። ሦስተኛ፣ የቫቲካን አትክልት ጉብኝት ቦታ ካለ በነፃው ግማሽ ቀን ለሚፈልግ ሊያዝ ይችላል? ገንዘቡን የሚፈልገው ሰው ራሱ ይክፈል።

የአዘጋጁ ቢሮ ገና አልተዘጋም። ደውዪለት፤ ስፒከር ላይ አድርጊው፣ እኔም ልስማ።